የድኩላ አደን

የድኩላ አደን፦ ዕይታ በሚጋረድበት ጥሻ ውስጥ የሚካሄድ የአደን ዓይነት። ለምሳሌ ከዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ገደላማ ቁጥቋጦ ድኩላን ለመሰለ እንስሳ ምቹ መሸሸጊያ ነው። ድኩላ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ይኖራል፤ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው። ሰው ሲቀርበው ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ጮኾ ወደ ጥሻው ይገባል። በመሆኑም አዳኙ ንጋትና ምሽት ላይ፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ፣ ጥቂት እየተራመደና እየቆመ ይፈልገዋል፤ ሙሉ ገላውን ሳይሆን ጆሮውን፣ ቀንዱን ወይም እግሩን ያማትራል። በድምፅ ወይም በቅጠል እንቅስቃሴ ብቻ መተኮስ ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው። የቆሰለ ወንድ ድኩላ በቀንዱ ይወጋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ከልክሏል።