የአይልትስ የማዳመጥ ፈተና

የአይልትስ የማዳመጥ ፈተና በ1989 እ.ኤ.አ. የተጀመረው አይልትስ የተሰኘው የእንግሊዝኛ ችሎታ መመዘኛ ካሉት አራት ፈተናዎች አንዱ ነው። 4 ክፍሎችና 40 ጥያቄዎች ሲኖሩት 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በወረቀት ለሚፈተኑ መልስ መገልበጫ 10 ደቂቃ ይጨመራል።

የተቀዳው ድምፅ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ያመለጠውን መልስ ሲያስብ የቆየ ተፈታኝ ቀጣዩንም ያጣል። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ መጀመሪያ ሳያቋርጡ አዳምጦ መመለስ፣ ከዚያ ያመለጠውን ቦታ ደጋግሞ መስማት፣ በመጨረሻ ጽሑፉን ማየት ይጠቅማል። ጽሑፉን አስቀድሞ ማየት ልምምዱን የንባብ ያደርገዋል።

ተናጋሪዎቹ ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ንግግር ያርማሉ፦ ማክሰኞ ካሉ በኋላ «አይ፣ ሐሙስ ይሻላል» ሊሉ ይችላሉ። «ፊፍቲን» (15) እና «ፊፍቲ» (50) በቀላሉ ይምታታሉ። ስም ፊደል በፊደል ሲነገር «ደብል ኤል» ማለት ኤልን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው፤ በትክክል ተሰምቶ በስህተት የተጻፈ ቃል ነጥብ አያስገኝም። የብሪታንያ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒው ዚላንድና የሰሜን አሜሪካ አነጋገሮች ስለሚቀርቡ በአሜሪካ ፊልሞች ብቻ መለማመድ አይበቃም።