የአረቄ ዋጋ

ኮክቴል የሚሉትን ቅይጥ መጠጥ በቤቴ ማዘጋጀት ልጀምር ብዬ ያሰብኩት በክረምት፣ እንጅባራ ሳለሁ ነበር። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ናት፤ ሐምሌ ሲገባ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፣ ሰውም ከምድጃ ዳር አይርቅም። ወረቀት አንሥቼ የሚያስፈልገኝን ዘረዘርኩ፦ ጂን፣ ቬርሙት፣ መራራ ቅመም፣ መበጥበጫ የብረት ዕቃ፣ በረዶ። ድምሩ የደመወዜን እኩሌታ ሲያልፍብኝ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩና፣ ለመሆኑ ይህ ነገር ሲጀመር ምን ነበር ብዬ መጻሕፍት ወደ ማገላበጡ ገባሁ።

የኮክቴል ትርጉም በጋዜጣ ተብራርቶ የወጣው በ1806 (እ.ኤ.አ.)፣ በኒውዮርክ ግዛት ሃድሰን በምትባል ከተማ ነው። ቃሉ ግራ ያጋባው አንድ አንባቢ ጠየቀ፤ አዘጋጁም መለሰለት፦ ጠንካራ አረቄ፣ ስኳር፣ ውኃ እና መራራ ቅመም። አራት ነገር ብቻ! ጄሪ ቶማስ የተባለው አሜሪካዊ አሳላፊ የአቀማመሙን መጽሐፍ ያሳተመው ከዚያ 56 ዓመት ቆይቶ፣ በ1862 ነው።

ይህን ሳነብ ዳንግላ ያደግሁበት የአያቴ ጓዳ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አረቄው በጠርሙስ፣ ማሩ በቅል፣ ውኃው በእንስራ ተቀምጧል። መራራውስ? ጌሾው ከግድግዳው ላይ ተንጠልጥሏል። ከአዊ ማሳ የማይጠፋው ግብጦም አለ፤ ለቀናት ተዘፍዝፎ ምሬቱ ካልወጣ አይበላም፣ እርሱም ራሱ አረቄ ይወጣዋል። አያቴ ብርድ ለመታው ሰው አረቄ ላይ ማር ጠብ አድርጋ፣ ጤና አዳም ነክራ ትሰጥ ነበር። የሃድሰኑ አዘጋጅ የዘረዘራቸው አራቱም ከእርሷ ጓዳ አልጎደሉም፤ የጎደለው ስሙ ብቻ ነው።

ታዲያ የዚያ ጓዳ መነሻ ወጪ ስንት ነበር?

ከማሩ ልጀምር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የአገውን ምድር አቋርጧል። አገዎች ማር፣ ቅቤ፣ ሰም፣ ስንዴና ከብት ይዘው፣ በአንድ ጊዜ ከሺህ እስከ ሺህ አምስት መቶ ሰው እየሆኑ ጎንደር ይገቡ እንደነበር ጽፏል። ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ በነበረበት በዚያ ዘመን ንቡን የሚያነባው አንዱ፣ ጽዋውን የሚያነሣው ሌላው ነበር ማለት ነው። ብሩስ ራሱ ግን ግሽ ሲደርስ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ጤንነት ጽዋ ያነሣው በምንጩ ውኃ ነው። በዚያ ምድር ማንንም ሳያስከፍል የተነሣ ጽዋ ቢኖር እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

አረቄው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። ቃሉ ዐረብኛ ነው፤ ላብ ማለት ነው። ስሙን ያገኘው ከእንፋሎቱ ጠብታ ነው፤ እኔ ግን አያቴን ባሰብኩ ቁጥር ሌላ ላብ ይታየኛል። ድፍድፉ ከብቅል፣ ከጌሾና ከዳጉሳ ተዘጋጅቶ ሳምንት ያህል ይብላላል። ከዚያ በማሰሮ ይጣዳል፤ አፉ ተከድኖ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል፤ እንፋሎቱ በቀርከሃ ቱቦ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል። ከባሕር ወለል ላይ አልኮል በ78 ዲግሪ፣ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላሉ፤ ጥበቡ ሁሉ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። እሳቱ ከበረታ ውኃው ይከተልና አረቄው ይቀጥናል፤ ከደከመ ጠብታው ይቆማል። አያቴ ቴርሞሜትር የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። የጠብታውን ድምፅ እያዳመጠች እንጨቱን ትገፋለች፣ ትስባለች። ዳግም አረቄ ሲሆን ደግሞ ይህ ሁሉ እንደ ገና ይደገማል። ማሰሮው በገንዘብ ይገዛል፤ ማገዶው በጀርባ ይመጣል፤ ጢሱን የሚከፍለው ግን ዓይን ነው። የእርሷ ዓይኖች ከማርጀታቸው በፊት ቀልተው ነበር።

ለእኔ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሊሆን የነበረው ነገር ለእርሷ እንጀራ ነበር። ደብተሬም፣ ጫማዬም፣ የከተማ ኪራዬም ከዚያ ቀርከሃ ጠብ ጠብ እያሉ የወጡ ናቸው።

በዚያ ክረምት የመበጥበጫውን ዕቃ አልገዛሁም። ከገበያ አረቄና ማር ገዛሁ፣ ውኃ ቀላቀልኩበት፣ የጌሾ ቅጠል ነከርኩበት፤ ግሩም ነበር። ያወጣሁትንም በዚያው ባጠፍኩት ወረቀት ጀርባ ጻፍኩት፤ በጣም ጥቂት ነው። ስጽፍ ግን ሌላ ወረቀት ትዝ አለኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ስመዘገብ የተሰጠኝ ቅጽ «የአሳዳጊ ሥራ» የሚል ባዶ መስመር ነበረው። አረቄ አውጪ ብዬ ብጽፍ ልጆቹ ያዩብኛል ብዬ ፈራሁ፤ «የቤት እመቤት» ብዬ ሞላሁት። አያቴ ማንበብ ስለማትችል ምን ጻፍክ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዝም አለች፤ ከዚያም ተነሥታ እሳቱን ለማየት ወደ ጓዳ ገባች።