ያልወረደ ቆለጥ፦ ጎትቶ ከመስፋት ፈትቶ እስከ ማውረድ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ታሪክ የነገሥታትና የጦርነት ብቻ አይደለም። የዛሬው ብዙ ወላጅ አፍሮ የማያወራው ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የወንድ ልጅ የዘር ፍሬ፣ ማለትም ቆለጡ፣ የሚሠራው ሆድ ውስጥ ኩላሊት አካባቢ ነው። ከዚያ በብሽሽት አድርጎ ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። ጊዜያቸውን ጨርሰው ከሚወለዱ 100 ወንዶች ግን 3 ያህሉ ላይ አንዱ ወይም ሁለቱም ሳይወርድ ይቀራል።

በ1877 የኤድንብራው ቶማስ አናንዴል ቆለጡን አውርዶ ሰፋው፤ የመጀመሪያው የተሳካ ቀዶ ሕክምና የሚባለው ይሄ ነው። ሌሎች ሲሞክሩት ግን የተሰፋው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወጣ ነበር። ለምን? የያዘው የደም ስር አጭር ነዋ!

የቺካጎው አርተር ዲን ቤቫን በ1899 መላውን አመጣ፦ ዋናው ስፌቱ ሳይሆን ማላቀቁ ነው። የደም ስሩንና የዘር ቱቦውን ከያዛቸው ሥጋ ፈታ፣ የሄርኒያውን ከረጢት ዝጋ፣ ቆለጡ ሳይወጠር ይወርዳል። ሆኖም በ1909 ፍራንዝ ቶሬክ ቆለጡን ከልጁ ጭን ጋር ሰፍቶ ለወራት የማቆየትን ዘዴ ገለጸ። ችግሩ፣ የተወጠረ የደም ስር ደም በደንብ አያሳልፍም፤ ቆለጡም ይኮሰምናል። ዛሬ ብሽሽት ላይ ለሚዳሰስ ቆለጥ የሚሠራው በቤቫን መንገድ ነው።

ሆድ ውስጥ የቀረውስ? አውስትራሊያውያኑ ፎውለርና ስቲፈንስ በ1959 ዋናውን የደም ስር ቆርጠው፣ ቆለጡ በዘር ቱቦው በኩል በሚመጣው ቀጭን የደም ስር እንዲኖር አደረጉ። አንዳንዱ ግን ደም ያጥረዋል። ስለዚህ በኋላ በሁለት ዙር ይሠራ ጀመር፦ መጀመሪያ መቁረጥ፣ ቀጭኑ ስር እስኪጠነክር ወራት መጠበቅ፣ ከዚያ ማውረድ። ግብጻዊው ሳሜህ ሸሃታ ደግሞ ሳይቆርጥ፣ በላፓራስኮፒ ቆለጡን ከሆድ ግድግዳ በተቃራኒው ጎን ሰፍቶ 3 ወር ያህል ያቆየዋል። የአንጀት ክብደት የደም ስሩን ቀስ እያለ ያረዝመዋል። መጎተት ተመለሰ፣ ግን በትዕግሥት!

ሌላው የተለወጠው ዕድሜው ነው። ድሮ ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባና ከዚያም በላይ ይጠበቅ ነበር። አሁን በ6 ወሩ ካልወረደ ሐኪም ይየው፣ ቀዶ ሕክምናውም 18 ወር ሳይሞላው ይሠራ ነው የሚባለው። የሆድ ሙቀት ዘር የሚያመርቱትን ሴሎች ይጎዳል፤ ከጉርምስና በፊት ማውረድ ደግሞ ወደፊት የሚመጣ የካንሰር ስጋትን ይቀንሳል።

እና ወላጆች፣ ልጁን በሞቀ ውኃ ስታጥቡት ዳብሱት። ሁለት ካልሆነ «ሲያድግ ይወርዳል» ብላችሁ ዓመት አትጠብቁ።