በዛብህ ለምን ካፒቴን አልሆነም?

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችን ያወቅነው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው። ምናልባትም በዚህ የተነሳ አልቅሰንበት እናልፋለን እንጂ እንደ ታሪክ ሰነድ አንመረምረውም።

ለመሆኑ በዛብህን ከሰብለ ወንጌል የለየው ምንድን ነው? ድህነት ነው እንዳንል ከሌላ አገር ልብ ወለድ ጋር እናስተያየው። በእንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተን «ፐርስዌዥን» (እ.ኤ.አ. 1817) ዌንትወርዝ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ኤን ኤሊየትን ያጫል፤ ነገር ግን ሀብትም ስምም የለውም ተብላ ስለተመከረች ትተወዋለች። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ከጠላት መርከቦች ምርኮ 25,000 ፓውንድ አግኝቶ፣ ካፒቴን ተብሎ ይመለሳል። ቅያሜውም ፍቅሩም አብረውት ኖረዋል፤ በመጨረሻ ልቡን በደብዳቤ ይገልጥላታል፣ ይጋባሉ። ያ ሥርዓት ዘር ቆጣሪ ቢሆንም ሠርቶ ለመጣ ሰው ጠባብ በር ነበረው።

በዛብህስ? ቅኔ አዋቂ ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባውም ልጃቸውን ሊያስተምር ነው። የፊታውራሪ ሚዛን ግን አጥንት ነው። አጥንት ደግሞ በትምህርትም በንግድም አይገዛም። ስለዚህ ሸሽቶ አዲስ አበባ ቢገባ ፍቅሩ ተከተለው እንጂ ይዞት የሚመለስ ማዕረግ አልነበረም። ሰብለ መነኩሴ መስላ ፍለጋ ወጣች፤ ስታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ነበር።

የሚገርመው ደራሲው ራሳቸው ከጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ተነስተው አምባሳደርና ሚኒስትር መሆናቸው ነው። የራሳቸውን ዕድል ለበዛብህ ቢሰጡት ኖሮ መጽሐፉ ለሥርዓቱ ምስክር ይሆንለት ነበር። አልሰጡትም። አንድ ሰው አለፈ ማለት በሩ ተከፈተ ማለት እንዳልሆነ ያውቁ ነበርና። መጽሐፉ በወጣ በስምንተኛው ዓመት፣ በ1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ፈነዳ።

ዛሬ ኦክላንድና ሳን ሆዜ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በኑሯችን የዌንትወርዝ ወገን ነን። ሥራ ፈላጊን የምንመዝነው በሙያው ነው፤ ኮምፒዩተር የሚሠራ መሐንዲስ አያቱ ማን እንደሆኑ ማንም አይጠይቀውም። የጋብቻ ወሬ ሲነሳ ግን ስንቶቻችን ነን ከጠባዩና ከሙያው በፊት «ዘሩ ከወዴት ነው?» የምንል? ፊታውራሪ መሸሻ ያለ ቪዛ ውቅያኖስ ተሻግረው ሳሎናችን ተቀምጠዋል። ለበዛብህ ያለቀስን ሰዎች ለእሳቸው ወንበር መልቀቃችንን ካላቆምን፣ እንባችን ለምን ይሆን?

ልቦና ይስጠን።