ብራ የሚሉት ስም

ለሐረር ሰው አሊ ቢራን ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ስሙን ሲሰማ የሚጠጣው ቢራ ትዝ የሚለው ሰው አጋጥሞኛል። ነገሩ ወዲህ ነው። በኦሮምኛ «ብራ» ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የሚጠራበት ወቅት ነው፤ በአማርኛችንም «ቀኑ ብራ ሆነ» እንላለን። ድሬዳዋ የተወለደው አሊ መሐመድ ሙሳ በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ መድረክ ላይ የዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈን ስለዚሁ ወቅት ነበርና፣ ስሙ ከዘፈኑ ተወሰደ።

ያ መድረክ የአፍራን ቀሎ ነበር። «አራቱ ቀሎ» ማለት ነው፤ አላ፣ ኦቦራ፣ ባቢሌና ዳጋ የሚባሉት የሐረርጌ ኦሮሞ ጎሣዎች መጠሪያ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የድሬዳዋ ወጣቶች በዚህ ስም ተሰባስበው በየሰርጉና በየበዓሉ በኦሮምኛ ይዘፍኑ ጀመር። ከተማይቱን የወለዳት የጅቡቲ ባቡር ነውና ከዕቃው ጋር የዐረቡም የሱዳኑም ዜማ ይወርድባት ነበር። አሊ ኡድ መምታት የተማረውም እዚያው ነው።

አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ ጊታሩን አንግቶ ብቻውን የሚያንጎራጉረውን ጥቁር የብሉዝ ዘፋኝ ያስታውሰኛል። አንድ ሰው፣ አንድ ባለ አውታር መሣሪያ፣ ከላይ ሲያዩት የፍቅር እንጉርጉሮ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የሚሲሲፒው ሰው በጌቶቹ ቋንቋ ይዘፍን ስለነበር ምሬቱን በቅኔ ይሸፍናል። አሊ ግን ስለ ልጃገረድ ዓይን ቢዘፍንም የሚያስጠረጥረው ቋንቋው ራሱ ነበር! በዘመኑ ኦሮምኛን አደባባይ ማውጣት እንደ ፖለቲካ ይቆጠራልና፣ ቡድኑ በ1950ዎቹ መጨረሻ እንዲበተን ተደረገ። ከአባላቱ የታሰሩ ነበሩ። አሊም ወደ ጅቡቲ አቀና።

ቀጥሎ የመጣው ያስገርማል። ቡድኑን የበተነው መንግሥት ያንኑ ልጅ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ አስገባው። አሊ እዚያ ዓመታት ቆየ፤ በ1963 ዓ.ም. ገደማም የመጀመሪያው የኦሮምኛ አልበም ተብሎ የሚጠቀሰውን ሥራ አወጣ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙውን ዕድሜውን በውጭ አገር አሳልፎ፣ ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ አረፈ። የተቀበረው በተወለደባት ድሬዳዋ ነው።

ዛሬ ስሙ ሲነሣ የትግል አርማነቱ ይቀድማል። ሐሰት ነው አልልም። ሆኖም አርማ ያደረግነውን ሰው ማዳመጥ እንተዋለን ብዬ እሰጋለሁ። ኡዱን ሲመታ ድምፁ አይጣደፍም፤ ቃሉን ጎትቶ፣ ዜማውን ለአውታሩ ለቅቆ፣ መልሶ ይቀበለዋል። ለኔ ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው። ደግሞም የአንድ ቋንቋ ዘፋኝ ብቻ አልነበረም፤ በሐረሪኛ፣ በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በዐረብኛም ዘፍኗል። ይህን ሐረር ላይ ሆኜ ሳስበው አይደንቀኝም። ፈረስ መጋላ ላይ ቆሞ ዋጋ የሚከራከር ነጋዴ በአንድ ትንፋሽ ሦስቱን ይቀላቅላቸዋል።

ጁገል ውስጥ ባየሁት አንድ ሰርግ ላይ አንድ ወጣት ከአሊ የሐረሪኛ ዘፈኖች አንዱን ጀመረ። ሴቶቹ ተቀበሉት። ሳያቋርጥ ወደ ኦሮምኛው ተሻገረ፤ ተቀባዮቹ እነዚያው ሴቶች ነበሩ።