ለሐጅና ለዑምራ ተጓዦች፦ ሊታወቁ የሚገባቸው የሞባይል ጥቅልና የኔትወርክ ቃላት



በዛሬ የሐጅና የዑምራ ጉዞ ስልክ እንደ ስንቅ ሆኗል። ከቡድናችን ስንለያይ የምንፈላለገው፣ የረውዳ ፈቃድ በኑሱክ መተግበሪያ የምንይዘው፣ ቤተሰብም ደህንነታችንን የሚሰማው በእሱ ነው። የአገልግሎቱን ቃላት ሳይረዱ መሄድ ግን ሳይታሰብ ሒሳብን ያስጨርሳል፤ በችግር ሰዓትም ከመስመር ያስወጣል። በመሆኑም ዋና ዋናዎቹን እንደሚከተለው አቅርበናል።

ዳታ፦ በኢንተርኔት የምንልከውና የምንቀበለው ሁሉ ነው። በሜጋ ባይት ወይም በጊጋ ባይት ይለካል። ጽሑፍና የድምፅ መልዕክት ጥቂት ሲወስዱ የቪዲዮ ጥሪ ብዙ ይጨርሳል።

ጥቅል (ፓኬጅ)፦ ቀድሞ ተከፍሎበት የሚገዛ የደቂቃ፣ የመልዕክት ወይም የዳታ መጠን ነው። የተወሰነ የአገልግሎት ጊዜ አለው። ለአገር ውስጥ የተገዛ ጥቅል በአብዛኛው ውጭ አገር አይሠራም።

ሮሚንግ፦ የአገር ቤት ሲም ካርድ በሌላ አገር ኔትወርክ ላይ ሲሠራ ማለት ነው። ሳዑዲ ውስጥ ኤስቲሲ፣ ሞባይሊና ዘይን የሚባሉ ኩባንያዎች አሉ። በሮሚንግ ላይ መደወል ብቻ ሳይሆን ጥሪ መቀበልም ሊያስከፍል ይችላል። የሮሚንግ ጥቅል ያልገዛ ሰው ከአውሮፕላን ሳይወርድ «ዳታ ሮሚንግ» የሚለውን ይዝጋ፤ አለበለዚያ መተግበሪያዎች ሳንነካቸውም ሒሳብ ይበላሉ።

የሳዑዲ ሲም፦ በተጓዡ ስም ስለሚመዘገብ ከሕጋዊ መሸጫ እንጂ ከመንገድ ላይ አይገዛም።

ኢ-ሲም፦ በስልኩ ውስጥ በመረጃ መልክ የሚጫን ሲም ነው። የአገር ቤቱን ካርድ ሳናወጣ ሁለተኛ መስመር ለመያዝ ይጠቅማል። ሁሉም ስልክ ግን አይቀበለውም።

ኤፒኤን፦ ስልኩን ከኩባንያው የኢንተርኔት መስመር ጋር የሚያገናኝ ማስተካከያ ነው። አዲስ ሲም እየደወለ ኢንተርኔት ከከለከለ መጀመሪያ ይህ ይታያል።

3ጂ፣ 4ጂ፣ 5ጂ፦ የኔትወርክ ትውልዶች ናቸው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል። በሚናና በዐረፋ የኔትወርክ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔቱ ቢዘገይ፣ ምክንያቱ የሰው ብዛት ያመጣው መጨናነቅ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ አጭር የጽሑፍ መልዕክት የማለፍ ዕድሉ የተሻለ ነው።

ፒንና ፐክ፦ ፒን የሲም ካርዱ መክፈቻ ቁጥር ነው። ሦስት ጊዜ ከተሳሳትን ይቆለፋል፤ የሚከፈተው 8 አሃዝ ባለው ፐክ ነው። ፐክ 10 ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል።

የማረጋገጫ ቁጥር (ኦቲፒ)፦ ባንክና ቴሌብርን የመሰሉ አገልግሎቶች በጽሑፍ የሚልኩት ምስጢር ነው። የሚመጣው በአገር ቤቱ ሲም ስለሆነ ካርዱን አውጥተን እንዳንጥል። «ከድርጅቱ ነን» ብሎ ለሚደውል ማንም አይነገርም።

ኢሜይ፦ የስልኩ መለያ ሲሆን 15 አሃዝ አለው። *#06# ስንደውል ይታያል። ስልክ ቢጠፋ ለማመልከት ስለሚያስፈልግ ቀድመን እንጻፈው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲሄዱ የቡድን መሪያቸውን ስልክና የሆቴሉን ስም በወረቀት ጽፈን እንስጣቸው፤ ባትሪ ያልቃል፣ ወረቀት ግን አይዘጋም።

አላህ ጉዞውን ያግራልን፤ ሐጁንም መብሩር ያድርገው።