የሐዲያ ግጥም፣ ከብትና እንሰት

ሆሳዕና ብቅ ብለው ከሆነ ከአዳዲሶቹ ፎቆች አንዳንዶቹ ደቡብ አፍሪካ በሄዱ ልጆች ገንዘብ የተሠሩ መሆናቸውን ሳይሰሙ አይቀሩም። ዓለም አንድ መንደር ሆነች የሚባለው ነገር በሐዲያና በከምባታ ከተሞች የያዘው መልክ ይህ ነው። ለመሆኑ ሐዲያ ከሩቁ ዓለም ጋር የተዋወቀችው ዛሬ ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1349 የሞተው ሙስሊም ጸሐፊ አል-ዑመሪ፣ ሐዲያን ከኢፋት፣ ከባሌና ከደዋሮ ጋር ከሰባቱ የአካባቢው ሙስሊም መንግሥታት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። አገሪቱን በዐይኑ አላየም፤ ሸይኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒይን ከመሳሰሉ ሰዎች የሰማውን ነው የጻፈው። በገበያዋ ሐኩና የሚባል፣ በቁመቱ መርፌ የሚያህል የብረት ቁራጭ እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ይነግረናል። የተሰለቡ ባሪያዎች በሐዲያ በኩል ወደ ውጭ ይሸጡ እንደነበርም ጽፏል። የአባቶቻችንን ክብር እያነሣን ይህን ብንዘለው ሐቀኞች አንሆንም።

ይህ እንግዶች ስለ ሐዲያ የጻፉት ነው። ሕዝቡ ስለ ራሱ ያለውን ለማወቅ ግን ወደ ግጥሙ መሄድ ያስፈልጋል። የሐዲያ ግጥም ያወድሳል፣ ይሸነቁጣልም። ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ድግስ ይደግስ፣ ስሙም ይነሣ ነበር። ብራውኬምፐር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ከጥላሁን ሚሻጎ ጋር ሆኖ እነዚህን ግጥሞች እ.ኤ.አ. በ1999 ፍራንክፈርት ላይ በመጽሐፍ አሳትሟል። መታተሙ ደስ ያሰኛል፤ የሆሳዕና ተማሪ ግን የአያቱን ግጥም ከባሕር ማዶ ማስመጣቱ ይቆረቁራል።

አንዳንዱ ሰው የከብት ውዳሴን እንደ ተራ ጉራ ይቆጥረዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንሰት ፍግ ካላገኘ አይፋፋም፤ ፍግ የሚገኘው ከከብት ነው፤ ከብት ደግሞ ግጦሽ ይፈልጋል። ስለዚህ ላሟን ያወደሰ ገጣሚ ጓሮውንም፣ ቆጮውንም፣ ድርቅ ሲመጣ ቤተሰቡን የሚያቆየውን ተክል ጭምር አወደሰ ማለት ነው። ሰው በዝቶ መሬት ሲጠብብ ግጦሹ ታረሰ። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍም የራሱን ድርሻ ወሰደ። መቶ ከብት የሚቆምበት ሜዳ ዛሬ ከወዴት ይገኛል?

መሬት ያጣው ወጣት ከ1990ዎቹ (ዓ.ም.) ወዲህ ፊቱን ወደ ደቡብ አፍሪካ አዞረ። ጥንት ሰው ተገዶ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ቤተሰቡ መሬትና ከብት ሸጦ ለደላላ ይከፍላል። መንገዱ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ ያልፋል። በመጋቢት 2012 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት፣ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ።

ዛሬ ስሙ የሚነሣው ፎቅ የሠራው ልጅ ነው። እንሰቱን የሚፍቁት፣ ጉድጓድ የሚቀብሩት ግን ዛሬም ሴቶች ናቸው። እንሰት ተተክሎ ለመብል እስኪደርስ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ሰባት ዓመት ይፈጃል። ልጁ በሄደበት ዓመት የተተከለው፣ እሱ ሳይመለስ ደርሶ እናቱ ትፍቀዋለች።